መተዳደሪያ ደንብ ላይ ስህተት ሲገኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«መዋጮውን የከፈለ አባል ድምፅ መስጠት አይችልም።»

ጸሐፊ ሆኜ ባገለገልኩበት አንድ ማኅበር ደንብ ውስጥ ይህ ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። «ያልከፈለ» ለማለት ነው። «ያ» ወደ «የ» ተለወጠች፣ «ል» ደግሞ ተዋጠች። በቃ። ማንም ልብ አላለውም፤ ዓይን የሚያነበው የለመደውን ነውና። አንድ ቀን ግን መዋጮ ያልከፈለ ሰውዬ ምርጫ ላይ እጁን ሲያወጣ «አውርድ» ተባለ። ደንቡን ከኪሱ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። «ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ነበር የማልችለው» አለ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እነሆ።

መልሶቹ የተመሠረቱት በየትኛው ሥርዓት ላይ ነው?

በሮበርት የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ደንብ ላይ ነው። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ነበር። አንድ ስብሰባ እንዲመራ ተጠይቆ መድረኩ ከእጁ አምልጦ ተተራመሰበት። ያ ውርደት ነው ሥነ ሥርዓት እንዲያጠና የገፋፋው። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1876 ሲሆን 12ኛው እትም በ2020 ታትሟል። ብዙ ማኅበራት «ደንባችን ዝም ባለበት ቦታ ይህንን እንከተላለን» ብለው ይጽፋሉ።

ቅደም ተከተሉን ግን አትርሱ። ከሁሉም በላይ የአገር ሕግ ነው። ቀጥሎ ማኅበሩ የተመዘገበበት የመመሥረቻ ጽሑፍ ይመጣል፣ ካለ። ከዚያ መተዳደሪያ ደንቡ። የሮበርት መጽሐፍ የሚገባው ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው። የእናንተ ደንብ ከዚህ በታች ከምጽፈው የተለየ ነገር ካለ የሚሠራው የእናንተው ነው።

እርማትና ማሻሻያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

እርማት ማለት ወረቀቱን ጉባኤው ከወሰነው ጋር ማስተካከል ነው። ማሻሻያ ማለት ውሳኔውን ራሱን መለወጥ ነው። የመጀመሪያው የጽሕፈት ሥራ ነው። ሁለተኛው የጠቅላላ ጉባኤ ሥልጣን ነው።

ሰው የሚሳሳተው ልዩነቱን በስህተቱ ትልቅነት ሲለካ ነው። «አንድ ፊደል እኮ ናት!» ይባላል። አንድ ፊደል ማሻሻያ ልትፈልግ ትችላለች፤ አንድ ሙሉ ገጽ ደግሞ በእርማት ብቻ ሊስተካከል ይችላል። ወሳኙ ስህተቱ የገባበት ቦታ ነው።

እሺ፣ ስህተት አገኘን። መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ማንም ምንም አይንካ። ፋይሉን ከፍታችሁ «ቶሎ ላስተካክለው» አትበሉ። መጀመሪያ ወደ ቃለ ጉባኤው ሂዱ። ያ አንቀጽ የጸደቀበትን ወይም ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለበትን ስብሰባ ፈልጉ። ጉባኤው ድምፅ የሰጠው በየትኞቹ ቃላት ላይ ነው?

ስህተት የሚገባባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ቅጂው ነው። ጉባኤው ትክክለኛውን አጽድቋል፣ ቃለ ጉባኤውም በትክክል ይዞታል፣ በኋላ ሲተየብ ነው የተበላሸው። ይህ ከሆነ እፎይ በሉ። ደንባችሁ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ወረቀታችሁ ነው። ድምፅ አያስፈልግም፣ ማሻሻያም አያስፈልግም። ጸሐፊው ቅጂውን ያስተካክላል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ለአባላት ያሳውቃል።

ሁለተኛው ቃለ ጉባኤው ነው። ጉባኤው አንድ ነገር ወስኖ ጸሐፊው ሌላ ጽፎ ይሆናል።

ሦስተኛው ውሳኔው ራሱ ነው። ረቂቁ ላይ ስህተቱ ነበር፤ አባላት ሳያዩት እጃቸውን አወጡ። እንዲህ ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል አስቂኝ ቢሆን፣ የጸደቀው እሱ ነው። መውጫው ማሻሻያ ብቻ ነው።

የእኛ ጉዳይ የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አሮጌው መዝገብ ከመደርደሪያ ሥር ወጣ። በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሑፍ «ያልከፈለ» ይላል። የተበላሸው የእጅ ጽሑፉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ነው። ሁለት ሰዓት ከተጨቃጨቅን በኋላ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ፍለጋ አለቀ። ሰውዬው በማግስቱ መዋጮውን ከፈለ።

ቃለ ጉባኤው ራሱ ቢሳሳትስ?

ቃለ ጉባኤ ከጸደቀ በኋላም ሊታረም ይችላል። ስንት ዓመት አለፈው የሚባል ነገር የለም። ግን የጸደቀ ነገር ስለሆነ እንደ ዘበት አይነካም። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። እርማቱ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ማስታወቂያ ከተሰጠ አብላጫ ድምፅ ይበቃል። ካጠቃላዩ አባላት ከግማሽ በላይ ከደገፉትም ያልፋል። ማንም ካልተቃወመ ደግሞ ሰብሳቢው «ተቃውሞ አለ? የለም፤ ታርሟል» ብሎ ሊጨርሰው ይችላል።

ማስረጃ ግን ይዛችሁ ግቡ። በዕለቱ የተበተነው ረቂቅ፣ የድምፅ ቅጂ ካለ እሱ፣ ሰብሳቢው ከጽሑፍ ያነበበው ወረቀት። «እኔ ትዝ ይለኛል» የሚለው ብቻውን ደካማ ነው። ደግሞም ይህን መንገድ ለማቋረጫነት መጠቀም ያምራል። የማሻሻያን ጣጣ የፈራ ሰው «ቃለ ጉባኤው ነው የተሳሳተው» ማለት ይቀናዋል። ቃለ ጉባኤ የሚታረመው ያኔ የተደረገውን እንዲናገር ነው። ዛሬ የምንመኘውን እንዲናገር ሲባል አይታረምም።

ዋናው ቃለ ጉባኤ ጠፍቷል። አሁንስ?

ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው። አንዱ ጸሐፊ ቤቱ ወስዶት ነበር፣ ሌላው ፍላሹ ተበላሸበት። የድሮ አባላትን ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥብ ሰው ፎቶኮፒ አስቀምጧል። ካልተገኘ ስለ አሮጌው ጽሑፍ እየተገማመቱ ከመጣላት የሚፈለገውን አነጋገር እንደ ማሻሻያ አቅርቡትና በሥርዓቱ አጽድቁት። እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ቀድሞም ትክክል ከነበረ የሚጎዳው ነገር የለም።

ጸሐፊው የፊደል ግድፈት በራሱ ማረም አይችልም?

ጉባኤው ሥልጣን ከሰጠው ይችላል። የአንቀጽ ቁጥሮችን፣ ሥርዓተ ነጥብንና ከአንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው የሚጠቁሙ ቁጥሮችን ማስተካከል ለጸሐፊው፣ ሥራው ከበዛም ለኮሚቴ በውክልና ሊሰጥ ይችላል። አንድ ገደብ አለው፦ ትርጉም መለወጥ የለበትም።

ማሻሻያ ባጸደቃችሁ ቁጥር እንዲህ የሚል ውሳኔ አብራችሁ ብትወስኑ ብዙ ራስ ምታት ይቀርላችኋል፦

«የዛሬውን ማሻሻያ በደንቡ ውስጥ ለማካተት ጸሐፊው የአንቀጽ ቁጥሮችን፣ ሥርዓተ ነጥብን፣ ጠቋሚ ቁጥሮችንና የጉባኤውን ሐሳብ የማይለውጡ ሌሎች የጽሕፈት ማስተካከያዎችን እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል።»

ይህን ውሳኔ ለአንድ ጊዜ ብቻም፣ ለዘለቄታውም ማሳለፍ ይቻላል። ሲጠራጠር ጸሐፊው ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፤ ለጉባኤው ይመልሰው። እኔ በግሌ ያደረግኳቸውን ማስተካከያዎች ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሬ አስነብብ ነበር። አሰልቺ ነው። ግን «ጸሐፊው ደንባችንን ቀየረ» ከሚል ሐሜት ያድናል።

ነጠላ ሰረዝ ምን ለውጥ ታመጣለች?

ይህን ተመልከቱ፦

«ወጪ የሚፈቀደው በሰብሳቢው፣ ወይም በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ፊርማ ነው።»

«ወጪ የሚፈቀደው በሰብሳቢው ወይም በጸሐፊው፣ እንዲሁም በገንዘብ ያዡ ፊርማ ነው።»

በመጀመሪያው ሰብሳቢው ብቻውን ፈርሞ ገንዘብ ማውጣት ይችላል። በሁለተኛው ያለ ገንዘብ ያዡ ፊርማ ሳንቲም አይወጣም። አሁን ነጠላ ሰረዞቹን አውጧቸውና «በሰብሳቢው ወይም በጸሐፊው እና በገንዘብ ያዡ ፊርማ» በሉት። ሁለቱም ትርጉም ያስኬዳል። ጠብ የሚወለደው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ «ሥርዓተ ነጥብ ጸሐፊው ያርማል» ሲባል እንዲህ ያለችውን ሰረዝ አይጨምርም። ይቺን የሚያስቀምጣት ጉባኤው ነው፣ በማሻሻያ።

አንቀጽ 7 ተሰርዞ ቁጥሩ ሁሉ ተዛባ።

ይህ ቀላሉ ነው። አንቀጽ 7 ሲወጣ 8 የነበረው 7 ይሆናል፣ 9 የነበረው 8። የግድ የሆነ የቁጥር ለውጥ ጉባኤው ባይናገረውም አብሮ እንደወሰነው ይቆጠራል። የሚረሳው ግን ሌላ ነው። በድሮው አንቀጽ 12 ውስጥ «በአንቀጽ 9 መሠረት» የሚል ካለ አሁን የሚጠቁመው ሌላ ቦታ ነው። በተሰረዘው በራሱ በአንቀጽ 7 «መሠረት» የሚል ከተገኘማ ቁጥር በመቀየር አይፈታም። ምን ይተካው የሚለው የጉባኤው ጥያቄ ነው። ፋይሉ ላይ «አንቀጽ» የሚለውን ቃል ፈልጉና አንድ በአንድ እዩት፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

የጸደቀው ቃል ግልጽ ነው። ግን ማንም እንዲህ ማለት እንዳልፈለገ ሁሉም ያውቃል። እንደታሰበው አንተረጉመውም?

አይሆንም። ሰው የማይወደው መልስ ይህ ነው። ትርጉም የሚፈለገው አሻሚ ነገር ሲኖር ነው። ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ካለው ጉባኤው በሙሉ ድምፅ እንኳ ትርጉሙን ሊለውጥ አይችልም፤ ደንቡን ማሻሻል አለበት። «ያልከፈለ» የሚለው በውሳኔው ላይ ራሱ «የከፈለ» ሆኖ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ነበር ትክክል። እስከሚቀጥለው ማሻሻያ ድረስ ከፋዮች ተቀምጠው ያልከፈሉት ይመርጡ ነበር ማለት ነው። ያበግናል። ነገር ግን «ግልጽ ቢሆንም እንደታሰበው እንየው» የሚለው በር አንዴ ከተከፈተ፣ የሚታሰበውን የሚወስነው ድምፁ የጎላው ሰው ይሆናል።

አሻሚ ከሆነስ ማን ይወስናል?

ጉባኤው ራሱ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚነሳው አንድ አባል «ሥነ ሥርዓት!» ሲል ነው። ሰብሳቢው «እኔ እንደምረዳው ትርጉሙ ይህ ነው» ብሎ ይበይናል። ያልተስማማ አባል ይግባኝ ይላል፤ ሌላ አባል ይደግፈዋል፤ ለጉባኤው ይቀርባል። የሰብሳቢውን ብያኔ ለመሻር አብላጫ ድምፅ ያስፈልጋል። እኩል ለእኩል ከሆነ ብያኔው ይጸናል።

ሲተረጉም ጉባኤው ራሱን መጠየቅ ያለበት «ያጸደቁት ሰዎች ያኔ ምን ማለታቸው ነበር?» ብሎ ነው። «ዛሬ የትኛው ይመቸናል?» የሚለው ቦታ የለውም። ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱ ሌላውን አንቀጽ ትርጉም የሚያሳጣ ወይም የሚያጋጭ ከሆነ የሚመረጠው ሌላኛው ነው። ደግሞ ትርጉም ጊዜያዊ ድጋፍ ነው። ከወሰናችሁ በኋላ በመጀመሪያው አጋጣሚ አንቀጹን አሻሽላችሁ ግልጽ አድርጉት። ካልሆነ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጉባኤ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።

ሁለት አንቀጾች ቢጋጩስ?

በዝርዝር የተጻፈው ጠቅለል ተደርጎ የተጻፈውን ይረታል። አንዱ አንቀጽ «ማንኛውም አባል በማንኛውም ስብሰባ ላይ መገኘት ይችላል» ቢል፣ ሌላው «የቦርድ ስብሰባ ላይ የሚገኙት የቦርድ አባላት ብቻ ናቸው» ቢል፣ የቦርድ ስብሰባን በተመለከተ የሚሠራው ሁለተኛው ነው። ሁለቱም እኩል ዝርዝር ሆነው ከተፋጠጡ ከላይ እንዳልኩት ጉባኤው ይተረጉማል፣ ከዚያ ያሻሽላል።

«አሥር (15) ቀናት» የሚለውም ከዚሁ ይመደባል። በፊደል አንድ፣ በቅንፍ ሌላ። ምክሬ ቁጥርን ሁለት ጊዜ አትጻፉ ነው። አንዴ ከጻፋችሁት ሊጣላው የሚችል ወንድም አይኖረውም።

ስብሰባው ላይ ያለን ሁላችንም ተስማምተናል። እዚሁ አርመን ብንጨርሰውስ?

ማሻሻያ ከሆነና ደንባችሁ ቅድመ ማስታወቂያ የሚጠይቅ ከሆነ አትችሉም። አንድም ሰው ሳይቃወም ብትስማሙም። የማስታወቂያው ግዴታ የተቀመጠው በስብሰባው ላይ ላለው ሰው ተብሎ አይደለም፤ ለቀረው ነው። በቦታው የሌለ ሰው መብቱን አልተወም፤ እናንተ ልትተዉለት አትችሉም።

ያለ ማስታወቂያ የጸደቀ ማሻሻያ ዋጋ የለውም። ከሁለት ዓመት በኋላም አንድ አባል ተነስቶ «ይህ አንቀጽ በሥርዓቱ አልጸደቀም» ብሎ ሊያፈርሰው ይችላል። አብዛኛው የሥነ ሥርዓት ጥሰት ወዲያው ካልተነሳ ያልፋል። ይህ አያልፍም። ስንት ውሳኔ በዚያ አንቀጽ ላይ ከተገነባ በኋላ ቢፈርስ አስቡት።

«ለዛሬ ብቻ አንቀጹን እንዝለለው» ማለትስ?

ደንብ አይታገድም። ሁለት የተለመዱ የማይካተቱ አሉ፦ አንቀጹ ራሱ እንዲህ ሲሆን ይታገዳል ካለ፣ ወይም ነገሩ ስለ ስብሰባው አካሄድ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአጀንዳ ቅደም ተከተል።

ማስታወቂያው ላይ ምን እንጻፍ?

የቃሉን ለውጥ እንዳለ ጻፉት። «አንቀጽ 5ን ስለማረም» ብቻ ከሆነ አባሉ ምን ሊሆን እንደሆነ አያውቅም። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

አሁን ያለው፦ «ቦርዱ አምስት አባላት ይኖሩታል።»
የቀረበው፦ «አምስት» ወጥቶ «ዘጠኝ» ይግባ።
ከጸደቀ የሚነበበው፦ «ቦርዱ ዘጠኝ አባላት ይኖሩታል።»

ሦስተኛዋን መስመር አትዝለሏት። ሰው ስህተት የሚያየው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ነው።

ማስታወቂያው ድንበርም ያበጃል። ስብሰባው ላይ አንድ አባል «ዘጠኝ በዛ፣ ሰባት ይሁን» ቢል ይችላል፤ ሰባት በአምስትና በዘጠኝ መካከል ነው። «አሥራ አንድ ይሁን» ቢል ግን አይቻልም። ቤቱ የቀረ ሰው «ቢበዛ ዘጠኝ ነው» ብሎ ነዋ የቀረው። ለተጨማሪው አዲስ ማስታወቂያ ይውጣ።

ሁለት ሦስተኛ ሲባል ከምን ላይ ነው?

ደንባችሁን ቃል በቃል አንብቡ። መቶ አባላት አሉ እንበል። 60 መጡ። 30 ደገፉ፣ 15 ተቃወሙ፣ 15 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።

ደንቡ «በሁለት ሦስተኛ ድምፅ» ካለ የሚቆጠረው የተሰጠው ድምፅ ነው። 45 ድምፅ ተሰጥቷል፣ 30 ሁለት ሦስተኛው ነው፤ አለፈ። «በስብሰባው ከተገኙት አባላት ሁለት ሦስተኛ» ካለ 40 ያስፈልግ ነበር፤ ወደቀ። እዚህ ላይ ዝም ያለው ሰው እንደተቃወመ ነው የሚቆጠረው። «ከጠቅላላው አባላት ሁለት ሦስተኛ» ካለ ደግሞ 67 ሰው ይፈለጋል። ስልሳው ሁሉ እጃቸውን ቢያወጡ እንኳ አይሞላም።

ይህን ልዩነት ሳያዩ «በአባላት ሁለት ሦስተኛ» ብለው የሚጽፉ ደንቦች ብዙ ናቸው። የትኞቹ አባላት? የመጡት? ያሉት ሁሉ? ማሻሻያ ስታዘጋጁ መጀመሪያ የምታጠሩት ይህንን ቢሆን ደስ ይለኛል።

ደንባችን ስለ መሻሻል ምንም አይልም።

እንግዲያው ሁለት መንገድ አላችሁ። ቅድመ ማስታወቂያ ሰጥታችሁ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ወይም ያለ ማስታወቂያ ካጠቃላዩ አባላት ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ። ከዚያ የመጀመሪያ ማሻሻያችሁ ስለ መሻሻል የሚናገር አንቀጽ ይሁን።

ቦርዱ ማረም ይችላል?

ደንቡ በግልጽ ካልፈቀደለት አይችልም። ረቂቅ አዘጋጅቶ ማቅረብ ግን ማን ይከለክለዋል።

በቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ ብንሰጥስ?

ደንባችሁ ካልፈቀደ አይቆጠርም። ስብሰባ ማለት ሰው በአንድ ጊዜ እየተሰማማ የሚወያይበት ነው። አንዱ ጠዋት ላይክ አድርጎ፣ ሌላው ማታ «እስማማለሁ» ብሎ የሚጽፍበት ግሩፕ ስብሰባ አይደለም። በኢንተርኔት ቀጥታ መገናኘትም ቢሆን በደንቡ ሊፈቀድ ይገባል። ግሩፑ ረቂቁን ለማሰራጨትና ስህተት ለማስለቀም ግን ግሩም ነው። መቶ ዓይን አንድ ጸሐፊ ያላየውን ያያል።

ማሻሻያውን ካጸደቅን ከአሥር ደቂቃ በኋላ አዲሱ ጽሑፍ ላይ ስህተት አየን።

የጸደቀ የደንብ ማሻሻያ እንደገና ይታይ ተብሎ አይመለስም። የወደቀ ግን ይመለሳል። ትርጉም የማይለውጥ ከሆነ ጸሐፊው ሥልጣን ካለው ያርመው። ትርጉም የሚለውጥ ከሆነ አዲስ ማስታወቂያ፣ አዲስ ድምፅ። ማሻሻያ ሌላ ነገር ካልተወሰነ በቀር በጸደቀባት ቅጽበት ሥራ ላይ ይውላል፤ እዚያው ስብሰባ ላይ ማለት ነው። ምርጫ ከአጀንዳው ቀጥሎ ከሆነ በአዲሱ ደንብ ነው የምትመርጡት። ያንን ካልፈለጋችሁ «ከዚህ ስብሰባ መጠናቀቅ በኋላ ሥራ ላይ ይውላል» የምትል ሐረግ ጨምሩ።

በተሳሳተው ጽሑፍ ተመርተን ያደረግነው ምርጫ ይፈርሳል?

እንደሁኔታው። በደንቡ የተቀመጠውን መስፈርት የማያሟላ ሰው ተመርጦ ከሆነ በሥልጣን ላይ እስካለ ድረስ ጥያቄው በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል። ድምፅ የመስጠት መብት እያላቸው የተከለከሉ አባላት ካሉ ደግሞ ቁጥራቸው ውጤቱን ሊለውጥ ይችል ነበር ወይ ተብሎ ይታያል። አሸናፊው በ20 ድምፅ በልጦ ሦስት ሰው ተከልክሎ ከሆነ ውጤቱ ይጸናል። በሁለት ድምፅ በልጦ ከሆነ ጥያቄውን ያነሳው አባል እውነት አለው፤ ምርጫው ይደገማል። በደንብ ስህተት ሰበብ ቂም ለመወጣት ለሚፈልግ ሰው ይህ ያልጠበቀው መልስ ነው። ስህተት መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ስህተቱ በዛ። ደንቡን እንደ አዲስ ብንጽፈው አይሻልም?

ይሻል ይሆናል፤ ግን ዋጋውን እወቁ። አንድ በአንድ ስታሻሽሉ ክርክሩ በማስታወቂያው ድንበር ውስጥ ይቆያል። ሙሉ ደንቡን በአዲስ ለመተካት ስታቀርቡ ድንበሩ ይነሳል። ማንኛውም አባል ስለ ማንኛውም አንቀጽ ማሻሻያ ማቅረብ ይችላል፣ ኮሚቴው ያልነካውንም ጭምር። ሥርዓተ ነጥብ ለማስተካከል ገብታችሁ ስለ ማኅበሩ ዓላማ እስከ ማታ ስትከራከሩ ልትገኙ ትችላላችሁ። አይቻለሁ።

ስህተቶቹ የተበታተኑና ጥቃቅን ከሆኑ በአንድ ጥቅል ማሻሻያ አቅርቧቸው። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ከሆኑና አንድ አባል «ይህቺ ተነጥላ ትታይልኝ» ካለ ይነጠልለታል። ስለዚህ አወዛጋቢዋን አስቀድማችሁ ራሳችሁ ለዩዋት። አንዷ ሃያዎቹን ይዛ እንዳትወድቅ።

ከታረመ በኋላ ምን ይቀራል?

ፋይሉ። አንድ ትክክለኛ ቅጂ ይኑር፤ በአንድ ሰው እጅ ብቻም አይሁን። ፊት ገጹ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለበት ቀን ይጻፍ። በእያንዳንዱ የተሻሻለ አንቀጽ ግርጌ የጸደቀበትን ስብሰባ ቀን አስፍሩ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን ሲፈልግ ይመርቃችኋል። ደንባችሁ የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ካለ አዲሱን ቅጂ አስገቡ። አሮጌዎቹን ቅጂዎች አትጣሏቸው፤ ከፊት ገጻቸው ላይ በትልቁ «ተሽሯል» ብላችሁ ጻፉና ለብቻ አስቀምጡ። እኛ ያንን አላደረግንም ነበር። ከዓመት በኋላ አንድ አዲስ አባል በእጁ የያዘው ቅጂ አሁንም «የከፈለ» ይል ነበር።